ግጥም የሌለው ዜማ ሲመጣ



አዝማሪ ቤት የገባ አድማጭ አፉን ይዞ አይቀመጥም። መሲንቆው ገና ሲሟሽ አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪውም በዜማ አሳምሮ ይመልስለታል። ቅኔው የገባው ቀድሞ ይስቃል፣ ያመለጠው ጎረቤቱን «ምን አለ?» ይላል፣ ደስ ያለው ደግሞ ብር አውጥቶ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ባሕር የተሻገረውም ሐበሻ ይህን አልተወም፤ ዋሽንግተን ያለው አዳራሽ ውስጥም ስንኟ ስትመጣ ነው ጩኸቱ የሚቀልጠው።

ይህ ጆሮ ታዲያ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሲመጣ ሥራ ይፈታል። በተለምዶ «ክላሲካል» የሚባለው የመሣሪያ ሙዚቃ ዕጣው ማጀቢያ መሆን ነው፦ ለሬዲዮ ማስታወቂያ፣ ለሠርግ ምሳ። አቅራቢው ሊናገር ሲል ድምፁ ዝቅ ይደረግና በዚያው ይጠፋል። ማን እንደተጫወተው የሚነግር የለም፤ የሚጠይቅም የለም።

ኃይሉ መርጊያን እንውሰድ። ደብረ ብርሃን ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገው የኦርጋን ተጫዋች ከዋሊያስ ባንድ ጋር በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ቼ በለው» የተሰኘውን አልበም አወጣ። ባንዱ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አንዱ ሆነ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን ይዞ «ሸሞንሟናዬ»ን በካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደላስ ኤርፖርት ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ዋሽንግተን ሐበሻ የሞላባት ከተማ ናት፤ ከተሳፋሪዎቹ ስንቱ ሹፌሩ ማን እንደሆነ ሳያውቅ ሂሳቡን ከፍሎ እንደወረደ መገመት አያዳግትም።

ያንን ካሴት ባሕር ዳር ገበያ ላይ አግኝቶ ያነሣው አሜሪካዊ ነው፤ ብራያን ሺምኮቪትዝ። በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም በስድሳዎቹ ዕድሜው ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን ጨመረ። የኢትዮ ጃዝ ሙዚቀኛው የሙላቱ አስታጥቄም ታሪክ ከዚህ አይርቅም፦ የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም በ2005 ዜማዎቹን ባያሰማ ኖሮ ስንት ፈረንጅ ስሙን ይጠራ ነበር?

እዚህ ላይ ፈረንጁን አመስግኖ ወገንን መውቀስ ይቀላል፤ ይህ ጸሐፊ ግን አይስማማም። የኒውዮርክ ወይም የለንደን አድማጭ ቆሞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ኦርጋኑን ብቻ ይሰማል። «ሸሞንሟናዬ»ን ከነግጥሙ የሚያውቅ ሰው ግን ኦርጋኑ ሲነሣ በሆዱ መዝፈን ይጀምራል፤ ከጣቶቹ ጋር አብሮ ቃል ይደረድራል። ይህ ለባዕድ ጆሮ የማይሰጥ ጸጋ ነው። የጎደለው ትዕግሥት ብቻ ነው፦ ቁራጩ እስኪያልቅ መጠበቅ፣ የተጫዋቹን ስም መጠየቅ። የሬዲዮ አዘጋጆችም መሐል ላይ ባይቆርጡት፣ ስሙንም ቢጠሩ ወጪ የለበትም።

ደግሞም ይህ ጆሮ ከዚህ በፊት ታግሦ ያውቃል። በደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ዋሊያስ የሚጫወትበት የአዲስ አበባው ሂልተን ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበር። ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር። ዘፋኙ ሲደክመው ኦርጋኑና ሳክስፎኑ ሳይቀጥሉ አልቀሩም።

ስለእነዚያ ሌሊቶች ሙዚቀኞቹ በየቃለ መጠይቁ ተናግረዋል፤ የአዳራሹን ሰው የጠየቀው ግን ጥቂት ነው። ከእናንተ መካከል ያኔ እዚያ ያደረ፣ ወይም አባቱና እናቱ ሲያወሩ የሰማ ካለ በድምፅም በጽሑፍም ያስቀምጥልን፦ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማን ይጨፍር ነበር? ማን ጥግ ይዞ ያዳምጥ ነበር? ያለ ዘፋኝ የሚመጣውስ ዜማ ሲያልቅ ይጨበጨብለት ነበር ወይ?