ምርመራው ወደ በርበሬ በረንዳ ይውረድ

በርበሬ በረንዳን ሳያነጥስ የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ባለፈው ቅዳሜ እያነጠስሁ ሳልፍ፣ ከጆንያ ክምር ሥር ተቀምጠው ዛላ በርበሬ የሚቀነጥሱ ሴቶች አየሁ። አንደኛዋን፣ «እማማ፣ የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ አድርገው ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሳያመኝ ምን ልሁን ብዬ? ሐኪም ቤት የዋልሁ እንደሆነ የዕለት ገንዘቤን ማን ይሰጠኛል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ነገሩ ግን መልስ የሚያሻው ነው። በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኘው ይኸው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። መነሻው ኤች. ፒ. ቪ. የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያዋ ባልደከመ ሴት ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ቀድሞ ለመድረስ ጊዜ አለ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት ተጀምሯል፤ እናቶቻቸውን ግን ክትባቱ አልፏቸዋልና መድኅናቸው ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ፣ ከ100 ሴቶች 70ው 35 ዓመት እስኪሞላቸው፣ ዳግመኛም 45 ዓመት እስኪሞላቸው ባለው ጊዜ እንዲመረመሩ ይጠይቃል።

በጤና ጣቢያዎቻችን የተለመደው ምርመራ አቼቶ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው። ርካሽ ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል፤ ዳሩ ግን በመርማሪዋ ዓይን ይወሰናል። የቫይረሱ ምርመራ ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም ቫይረሱ ከብዙዎቹ ሴቶች በራሱ ጊዜ ይጠፋል። እንግዲህ ማንን እናክም? ኤፒጄኔቲክስ የተባለው የሳይንስ ዘርፍ ለዚህ መልስ ይዟል። ዘረመል እንደ መጽሐፍ ቢቆጠር፣ «ይህ ይነበብ፣ ያ ይዘለል» የሚሉ የኬሚካል ምልክቶች በገጾቹ ላይ አሉ። ሕዋሱ ወደ ካንሰር ሲያዘነብል በአንዳንድ ገጾች ላይ ምልክቱ ይበዛል። ሴትየዋ ራሷ ከወሰደችው ናሙና እንኳ ይህን ማንበብ ይቻላል።

«አቼቶው ሳይዳረስ ይህ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። አቼቶው ይዳረስ፤ እኔም እላለሁ። ነገር ግን በዓለም ላይ የዘረመል ጥናት የተደረገበት ሕዝብ አብዛኛው የአውሮፓ ዘር ነው። በእኛ ሴቶች ላይ ያልተፈተነ መመዘኛ በሌላ ሰው ልክ እንደ ተሰፋ ልብስ ነው። ዳር ቆመን ከጠበቅን ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ስለዚህ የጤና ተማሪዎችና በየጽሕፈት ቤቱ የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፣ ጥናቱ እኛንም ይጨምር፤ የናሙና መውሰጃው ወደ ገበያው ይምጣ፤ ሕመሙ የተገኘባትም እዚያው አቅራቢያ ትታከም። እኒያ እናት ከሕይወታቸውና ከዕለት ገንዘባቸው አንዱን ምረጡ ሊባሉ አይገባም።