መብራቱ መጣ፤ ሰርቨሩስ?

እሑድ ሌሊት የጠፋው መብራት ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተመለሰ እንበል። ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ያለ አንድ አስመጪ ግን ሱቁን ከፍቶ መሸጥ አልቻለም። ኮምፒዩተሩ በርቷል፤ የዕቃ መዝገቡና ሽያጩ ያለበት ፕሮግራም ግን አይከፈትም። መርካቶ ያለው ቅርንጫፍም በዚያው ሰርቨር ስለሚሠራ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። «ልጁን ጥሩት» ይባላል። ልጁ በስንት ልመና ይመጣል፤ አንድ ትእዛዝ ጽፎ ፕሮግራሙን ያስነሳል፤ የመጣበትን ተቀብሎ ይሄዳል። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የጠፋው ግን የግማሽ ቀን ገበያ ነው።

ጥፋቱን በመብራት ማላከክ ቀላል ነው። በእኛ አስተያየት ግን ጥፋቱ የርክክብ ነው።

ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ለዚህ ችግር መፍትሔ ካገኘለት ቆይቷል። ዴቢያንና ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ «ሲስተምዲ» በተባለ አስነሺ ይጠቀማሉ። ፕሮግራሙ ከምን ቀጥሎና በማን ስም እንደሚነሳ፣ ቢወድቅም ተመልሶ እንዲነሳ የምታዝ አጭር ፋይል ትጻፍለታለች። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። «ስታርት» የሚለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን ለዛሬ ብቻ ያስነሳል፤ «ኢነብል» የሚለው ግን ማሽኑ በተነሳ ቁጥር አብሮ እንዲነሳ ያስመዘግበዋል። የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን የረሳ ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ያስረከበ ይመስለዋል። ዳታቤዙ ቀድሞ፣ ፕሮግራሙ ተከትሎ መነሳት አለበት። ማሽኑም መብራት ሲመለስ ያለ ሰው እጅ እንዲበራ ባዮሱ ላይ መስተካከል ይኖርበታል።

«ዩፒኤስ አለን» የሚሉ አሉ። ዩፒኤስ ጊዜ ይገዛል እንጂ ሌሊቱን አያሳድርም። ደግሞም ሰርቨር የሚጠፋው በመብራት ብቻ አይደለም፤ ሲታደስም ጠፍቶ ይነሳል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልኩ መክፈል የለመደ ደንበኛ «ሲስተም የለም» ሲባል ቆሞ አይጠብቅም፤ ጎረቤት ሱቅ ይገባል።

ስለዚህ ነጋዴው ለሶፍትዌር አቅራቢው የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠቱ በፊት አንድ ፈተና ያድርግ። መረጃው ሌላ ቦታ ይገልበጥ፤ ሰርቨሩ በሥርዓት ይዘጋ፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ይሰካ። ከዚያ ማንም ኪቦርድ ሳይነካ ሻጯ ከራሷ ጠረጴዛ ደረሰኝ ማውጣት ከቻለች ይከፈል። ካልቻለች ቀሪው ሒሳብ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።