የኦቲዝም ድጋፍ ከመዲናዋ ባሻገር፤ ከአሰላና ከአርሲ ደጋማ ወረዳዎች አኳያ ሲታይ

አሰላ ከአዲስ አበባ በ175 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ናት። በስንዴና በገብስ ምርታቸው እንዲሁም የአገሪቱን ስም በዓለም አደባባይ ባስጠሩ አትሌቶቻቸው የሚታወቁት የአርሲ ደጋማ ወረዳዎች ነዋሪዎች ከፍ ያለ ሕክምናም ሆነ ትምህርት ሲሹ የሚያመሩት ወደዚህችው ከተማ ነው። ይሁን እንጂ አገሪቱ በስም የምታውቃቸው የኦቲዝም ማዕከላት የተመሠረቱት በአዲስ አበባ በመሆኑ፣ ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል ወይም መናገር ጀምሮ ያቆመ ልጅ ላላት የበቆጂ ወይም የሳጉሬ እናት መፍትሔው ሩቅ ሆኖ ይታያል።

በመሆኑም ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ "በአካባቢው ማዕከል የሚገነባው መቼ ነው?" የሚለው ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀደም በየቀበሌው ያለው ጤና ኬላ፣ ትምህርት ቤቱና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ዛሬ ምን ሊሠሩ ይችላሉ የሚለው ይበልጥ አንገብጋቢ ነው። የልጅነት የመጀመሪያ ዓመታት ካለፉ በኋላ በእጥፍ በጀት እንኳ መልሶ ማግኘት አይቻልምና።

ኦቲዝም የአእምሮ አስተዳደግ ልዩነት ሲሆን፣ በተግባቦት፣ ከሌሎች ጋር በሚደረግ ግንኙነትና በባሕርይ ላይ ይገለጻል። አንዳንዱ ልጅ ጨርሶ አይናገርም፤ ሌላው ይናገራል፣ ነገር ግን የሰማውን ደጋግሞ ከማለት ያለፈ ሐሳብ መለዋወጥ ይቸግረዋል። የገበያ ጫጫታ፣ የወፍጮ ቤት ድምፅ ወይም የልብስ ሸካራነት የሚያስጨንቀው አለ። አንድን ድርጊት መደጋገም፣ የዕለት ልማድ ሲለወጥ እጅግ መረበሽም የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደነበረው ተገምቷል።

መንስኤውን በተመለከተ ሳይንሱ የደረሰበት ድምዳሜ፣ የዘር ውርስና ከልደት በፊትና በልደት ጊዜ ያሉ ልዩ ልዩ ሁኔታዎች ተዳምረው ድርሻ እንዳላቸው ነው። እርግማን፣ የወላጅ ኃጢአት ወይም የእናት ፍቅር ማነስ ምክንያት አይደሉም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ የወጣው ጽሑፍም እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው መጽሔት ተሰርዟል። ይህንን ለኅብረተሰቡ በግልጽ ማስረዳት፣ ልጆችን ከክትባት የሚያስቀር አሉባልታ ሥር እንዳይሰድ ለማድረግም ይረዳል።

በአገራችን ጉዳዩ ከቤት ጓዳ ወጥቶ በአደባባይ መነገር የጀመረው በወላጆች ጥረት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው በትምህርት ቤቶች ተቀባይነት በማጣቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። አቡጊዳ ፎነቲክስ የተሰኘ የንግግርና የንባብ ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ወይዘሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ-19 ሳቢያ ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፣ የጀመሩት ሥራ ለሌሎች ፈር ቀዳጅ ሆኗል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች ተነሳሽነት የተመሠረተ ነው።

ይሁንና የችግሩ ስፋት ከጥቂት ማዕከላት አቅም በላይ ነው። በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች በ102 አሳዳጊዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ከተጠያቂዎቹ መካከል 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው ገልጸዋል። ከአራት አንድ የሚሆኑት ሁኔታውን ለመደበቅ ሞክረዋል፤ 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ መንስኤው መንፈስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከሁሉም በላይ የጎደለን ያሉት መድኃኒት ሳይሆን ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ሲሆን፣ ይህንን የተናገሩት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ናቸው።

ከጥናቱ ውጤቶች አንዱ በተለይ ለመንግሥት ሠራተኛው መልእክት አለው። የመገለል ስሜቱ በአሳዳጊው የትምህርት ደረጃ የሚወሰን ሆኖ አልተገኘም። ስለሆነም ጉዳዩን "ያልተማረው የገጠር ኅብረተሰብ ችግር" አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው። ልጁን ከእንግዳ ፊት የሚያሸሽ ቤተሰብ በባለሙያው፣ በመምህሩና በኃላፊውም ቤት ሊገኝ ይችላል።

አማራጩ ምንድን ነው ለሚለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች የክህሎት ሥልጠና ጥሩ ማሳያ ነው። ሥልጠናው ከ2 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዘጠኝ የቡድን ቆይታዎችንና ሦስት የቤት ጉብኝቶችን ያካትታል። የሚሰጠውም ልዩ ሐኪም ባልሆኑ ሠልጣኞች ነው። ምግብ ማቅረብ፣ ልብስ ማልበስና ጨዋታ ልጁ የሚግባባባቸውና የሚማርባቸው አጋጣሚዎች እንዲሆኑ ወላጆችን ያለማምዳል። መርሐ ግብሩ ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ በአዲስ አበባና በቡታጅራ የተሞከረ መሆኑ፣ ከመዲናዋ ውጭም ሊሠራበት እንደሚችል ያመለክታል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሚናም ቀላል አይደለም። በአገሪቱ ደቡባዊ ክፍል የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ስለ አእምሮ ጤና አጭር ሥልጠና ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ኦቲዝም ስላለባቸው ልጆች ያላቸው አሉታዊ አመለካከት አነስተኛ ነው። ሆኖም ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱት ልጆቹ ወደፊት ሊደርሱበት ስለሚችሉት ደረጃ የነበራቸው ተስፋ ካልሠለጠኑት ያነሰ ሆኖ መገኘቱ ትምህርት ሰጪ ነው። ሥልጠናው የችግሩን ምልክቶች ብቻ ሳይሆን፣ በድጋፍ የሚገኘውን ለውጥም ሊያሳይ እንደሚገባ ያስገነዝባል።

በጤና ኬላ ደረጃ የሚፈለገው ምርመራ ረቂቅ አይደለም። በክትባት ቀጠሮ ልጁ ስሙ ሲጠራ ዘወር ማለቱን፣ በጣቱ ማመልከቱንና ቃላት መጀመሩን መጠየቅ ይቻላል። ጥርጣሬ ካለ መስማት አለመስማቱ እንዲመረመር፣ የሚጥል በሽታ ካለም ሕክምና እንዲጀምር ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል መላክ ተገቢ ነው። ወደ ጠበል የሚሄዱ ወይም ሌላ ሃይማኖታዊ እርዳታ የሚሹ ወላጆችን ማሸማቀቅ ግን ይበልጥ እንዲደብቁ ያደርጋል። የሃይማኖት አባቶችንና የአገር ሽማግሌዎችን የግንዛቤ ሥራው አጋር ማድረጉ የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

በትምህርት ረገድ፣ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞች እንደ አቅማቸው እንዲማሩ ደንግጎ ነበር። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂም በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ልጆች በጉዳታቸው ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓት እንዳይገለሉ ያስገድዳል። ስለዚህ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ አልመዘግብም ማለት የርእሰ መምህሩ ምርጫ አይደለም።

እርግጥ መምህሩ ያለ እገዛ ብዙ ተማሪ በያዘ ክፍል ውጤት እንዲያመጣ መጠበቅ አይቻልም። ነገር ግን የዕለቱን ተግባር በሥዕል በቅደም ተከተል መለጠፍ፣ ከጫጫታ ራቅ ያለ መቀመጫ መስጠትና ትእዛዝን በአጭር ቃል መናገር ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። በአርሲ ወረዳዎች የበርካታ ልጆች የአፍ መፍቻና የመማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ የሥዕል ካርዶችና የወላጆች መመሪያዎች በዚሁ ቋንቋ ሊዘጋጁ ይገባል። ለመናገር የሚቸገር ልጅ በቤቱ በማይነገር ቋንቋ እንዲግባባ ማድረግ ችግሩን ማባባስ ነው።

ለዚህ ሥራ አሰላ መነሻ አቅም አላት። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅና የማስተማሪያ ሆስፒታሉ፣ እንዲሁም የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ በዚያው ይገኛሉ። እነዚህ ተቋማት ከዞኑ የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ጋር ከተቀናጁ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንና መምህራንን በጋራ ማሠልጠን ይቻላል። የወረዳ አመራሮችም ልጆቹን በቤት ለቤት ጉብኝት መዝግበው በዕቅዳቸው ቁጥር ሊያስቀምጡ ይገባል። በመዝገብ ያልታየ ልጅ በበጀት ቀመር ውስጥም አይታይም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት መጋቢት 24 ቀን የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰባል። ዕለቱን በጉባኤ አስቦ መዋል መልካም ቢሆንም፣ እውነተኛው መለኪያ በማግሥቱ የሚሠራው ሥራ ነው። በዚያ ዓመት ስንት ልጆች ተለዩ፣ ስንት ወላጆች ሠለጠኑ፣ ስንት ትምህርት ቤቶች በራቸውን ከፈቱ የሚሉት ጥያቄዎች በየወረዳው የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ምላሽ ሲያገኙ፣ የአርሲ ደጋ እናት ለልጇ ድጋፍ 175 ኪሎ ሜትር መጓዝ የማይጠበቅባት ጊዜ ይቀርባል።