«የጋምቤላ» የሚባል ሠሪ የለም

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ አዲስ አበቤ ጋቢውን ደርቦ የጥቅምት ፀሐይ ሲሞቅ፣ ኪሱ ለሳሳ የጥበብ ወዳጅ ከእግር ሽርሽር የሚሻል መዝናኛ የለም። ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ፖስታ ቤት መውረድ፣ በየሱቁ መስኮት ሥዕሉንና ቅርጻ ቅርጹን እያዩ ቆም ማለት፣ ሳይገዙ መደነቅ! እኔም ብዙ ጥቅምቶችን እንዲህ አሳልፌያለሁ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ሽርሽሩን ለማወደስ አይደለም። በነዚያ ሱቆችም ሆነ ከነሱ ከፍ ባሉት ማሳያ ቤቶቻችን ሥር ስለ ሰደደ አንድ ነውር ለመናገር ነው።

ነውሩ ይህ ነው። ሸራ ላይ ከተቀባ ሥዕል ግርጌ ስም አለ፤ ዓመተ ምሕረትም አለ። ከጎኑ የተቀመጠው በርኩማ፣ ጋያ ወይም የጨሌ ጌጥ ግን የሠሪው ስም ተፍቆ የአገር ስም ይለጠፍበታል። «የጋምቤላ»፣ «የኮንሶ»፣ «የሐረር» ይባላል። አንደኛው ጥበብ፣ ሁለተኛው ዕቃ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ለዓመታት ጭንቅላት ተንተርሶበት የወዛ አንድ በርኩማ አንሥቼ ባለሱቁን ጠየቅሁት።

«ማነው የሠራው?»

«የጋምቤላ ነው ወንድሜ።»

«እሱስ ገባኝ። የጠረበው ማነው?»

«እነሱ ናቸዋ!»

«እነሱ» ማለት እንግዲህ እነማን ናቸው? በጋምቤላ አኙዋክ አለ፤ ኑዌር አለ፤ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ አለ። በእያንዳንዱ ውስጥ ደግሞ እጁ የተፈታ አለ፤ እጁ የተሳሰረም አለ። ከአንድ መንደር ሃያ ሰው ቢጠርብ የሃያውም እኩል አያምርም። «እነሱ» የምትለው ቃል ግን ጎበዙንና ሰነፉን ባንድ ከረጢት ትጨምራለች። ከዚያ ወዲያ ዋጋው በክርክር ነው። ስም ያለው ሠዓሊ «ሥራዬ ይህን ያህል ያወጣል» ብሎ ይሟገታል። ስም የሌለው ማን ብሎ ይሟገታል?

ነገሩ የጋምቤላ ሰዎች ራሳቸው ለስም ደንታ የሌላቸው ቢሆን ኖሮ አፌን በያዝኩ ነበር። ግን እንዲያ አይደለም። አንድ ኅዳር፣ ሣሩ መድረቅ ሲጀምርና ባሮም ከሙላቱ ሲጎድል፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቀናት አሳልፌያለሁ። ከተማዋ የጋለሪ ጎዳና የላትም። ከባሮ ድልድይ ወደ ገበያው በማንጎው ጥላ ሥር ለሚያዘግም ሰው ግን የሚታይ አላጣም። ገበያው ውስጥ አንገቷ በጥርብ መስመር የተከበበች ማሰሮ አየሁና፣ አብሮኝ የነበረው ተማሪ ሻጯን «ማን ሠራት?» ብሎ እንዲጠይቅልኝ ለመንኩት። ሴትዮዋ ሳታመነታ የሠሪዋን ስም፣ የእናቷንም ስም፣ የሰፈሯንም አቅጣጫ ነገረችን። «አንገቷን አይቶ የማያውቅ አለ እንዴ?» ብላም ሳቀችብን። በወንዙ ዳር የኑዌር ልጆች በጭቃ በሬ ሲሠሩ ነበር። አንደኛው የበሬውን ግራ ቀንድ ወደ ፊት አጥፎታል። «ለምን?» ብንለው የአጎቱ በሬ ቀንድ እንደዚያ ነው አለን። ኑዌር የወደደውን በሬ ቀንድ በጥበብ ያጣምማል፤ ጎረምሳውም ለአቅመ አዳም ሲደርስ በበሬው ስም ይጠራል። ለበሬው እንኳ ስም የሚሰጥ ሕዝብ ለጠራቢው ስም ነፈገ ሊባል ነው?

የአኙዋክን ጨሌም እንመልከት። ዲሙይ የሚሉት ሰማያዊ ዶቃ ለጥሎሽ የሚቆጠር፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገር ሀብት ነው። ኡቹዎክ የተባለው የአንገት ጨሌ ደግሞ የመኳንንቱ የሥልጣን ምልክት ነበር። እንግሊዛዊው ኢቫንስ-ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ አኙዋክ የፖለቲካ ሥርዓት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህ ምልክት ከየትኛው መኮንን እጅ ወደ የትኛው እጅ እንደተላለፈ ሰዎቹ በቃላቸው እንደሚያውቁት ጽፏል። የፓሪስና የለንደን ማሳያ ቤቶች አንድ ሥዕል ከመግዛታቸው በፊት «ከማን ወደ ማን ተላለፈ?» ብለው የሚያጠኑትን ታሪክ፣ አኙዋክ ለጨሌው አስቀድሞ ይዞታል። ስሙ እንግዲህ ጋምቤላ ላይ አልጠፋም። የጠፋው ከጋምቤላ አዲስ አበባ ባለው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ላይ ነው።

«ባህላዊ ሥራ የሕዝብ እንጂ የግለሰብ አይደለም» የሚሉኝ ምሁራን እንዳሉ አውቃለሁ። ንድፉ የሕዝብ ነው፤ እስማማለሁ። ቋንቋም የሕዝብ ነው። ግን ልብ ወለድ ስናሳትም ሽፋኑ ላይ «የአማርኛ ተናጋሪዎች» ብለን አንጽፍም። ሌሎች ደግሞ «የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያንም በትሕትና ስማቸውን አይጽፉም ነበር» ይላሉ። አብዛኞቹ አልጻፉም፤ ጉዳቱንም እያየነው ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን ስሙ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለ ሥዕል ላይ በመገኘቱ፣ ተመራማሪዎች የእጁን ጠባይ ለይተው ሌሎች ሥራዎችንም ለእርሱና ለተከታዮቹ ለመስጠት በቁ። አንዲት ስም የአንድ ዘመን የሥዕል ታሪክ በር ከፈተች። ስንቱ በር በስም እጦት ተዘግቶ እንደቀረ አስቡት።

ነውሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑም አይካድም። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1907 ፓሪስ፣ ትሮካዴሮ ቤተ መዘክር ውስጥ የአፍሪካ ጭምብሎች አይቶ ሥዕሉ እንደተለወጠ ዓለም ያውቃል። የፒካሶን ስም ሕፃን ሳይቀር ይጠራል። የጭምብሎቹን ጠራቢዎች ስም ማን ጠየቀ? ፈረንጅ ያደረገብንን በጽሑፍም በንግግርም እናወግዛለን፤ ያንኑ በገዛ ወገናችን ላይ ስናደርገው ግን «ባህልን ማስተዋወቅ» እንለዋለን።

ማስተዋወቁንማ አይተናል። ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. አሥረኛው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ጋምቤላ ላይ ተከበረ። በዓሉ መከበሩን አልቃወምም። ግን በየዓመቱ በዚህ በዓል የባለሥልጣኑ ስም ከነማዕረጉ ሲነበብ፣ የከበሮውን ጠራቢ ስም ድምፅ ማጉያው ሲጠራ የሰማችሁ አላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

የነጋዴው ሰበብ ደግሞ «ዕቃው በብዙ እጅ አልፎ ነው የሚደርሰኝ፤ ከየት አውቄ?» የሚል ነው። ጋምቤላ እኮ የሸቀጥን መንገድ የምታውቅ ከተማ ናት። ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር ባደረጉት ውል መነሻነት የንግድ ጣቢያ ሆና፣ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የወረደውን ቡና በክረምት በባሮ ላይ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ስትሸኝ ኖራለች። ዛሬ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ምክንያት፣ ቡና ላኪዎቻችን እያንዳንዱ ጆንያ የበቀለበትን ማሳ በካርታ ለማሳየት ደፋ ቀና ሲሉ እናያለን። ገዢው ሲጠይቅ የቡናው ማሳ ይገኛል ማለት ነው። የበርኩማው ጠራቢ ያልተገኘው ጠያቂ ስላጣ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሱቁ ከዋጋው ካርድ ላይ የሠሪውን ስምና መንደር ይጻፍ። ቤተ መዘክሮቻችን ያለፈውን መመለስ ባይችሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚረከቡትን እያንዳንዱን ዕቃ ከነስሙ ይመዝግቡ። በዓል አዘጋጁ የባለሥልጣኑን ስም ካነበበበት ወረቀት ላይ ለባለሙያውም አንድ መስመር ይተውለት። ስም ሲጻፍ ክፍያ ይከተላል፤ ክፍያ ሲኖር ልጁ ከአባቱ መጥረቢያ አጠገብ ይቀመጣል። ስም ሳይጻፍ፣ ክፍያም ሳይኖር «ባህላችን እየጠፋ ነው» እያሉ ሙሾ ማውረድ የአዞ እንባ ነው።

እናንተም አንባብያን፣ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ጎዳናው ላይ ስትንሸራሸሩ ከዋጋ በፊት ስም ጠይቁ። «የጋምቤላ ነው» ካሏችሁ፣ ጋምቤላ ከተማ ናት፤ ከተማ እንጨት አትጠርብም በሏቸው።