የተተካ አጥንትና የራጅ ምስክርነት

በመኪና አደጋ፥ በጥይት ወይም በፈንጂ አጥንቱ ደቅቆ ክፍተት የቀረበትን ሰው ለመጠገን የዛሬው ሕክምና ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው ከሕመምተኛው ከራሱ ዳሌ አጥንት ቆርሶ ክፍተቱን መሙላት ሲሆን፥ ሁለተኛው በፋብሪካ የተዘጋጀ የአጥንት ምትክ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው እጅግ የታመነ ቢሆንም ሌላ ቁስል ይጨምራል፤ ከዳሌ የሚገኘውም አጥንት መጠኑ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ምትኩ ከንግድ ዕቃዎች ተራ ገብቷል።

ሐርጌሳ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። በ1988 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከተማይቱ በአውሮፕላንና በመድፍ ተደብድባለች፤ በየሜዳው ተቀብሮ የቀረው ፈንጂም ከዚያ በኋላ ስንቱን አካለ ስንኩል እንዳደረገ ነዋሪዎቿ ያውቁታል። ወይዘሮ ኤድና አዳን እስማኤል የግል ሀብታቸውን አፍስሰው በ2002 ሐኪም ቤት የከፈቱት በዚችው ከተማ ነው። በዚህን ያህል ድካም የቆመ ሕክምና አንድ የራጅ ሥዕል በጊዜው ባለመነሣቱ ፍሬው ቢጠፋ ያሳዝናል።

ምክንያቱም ምትክ ማስገባት የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው። ቀሪው፥ በሥፍራው እውነተኛ አጥንት መብቀሉን ማረጋገጥ ነው፤ ይህንም ቆዳን ሳይቀዱ የሚያሳይ ሥዕል ብቻ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ የገባውን ዕቃ ዓይነት ለማያውቅ ሰው አሳሳች ነው። ከካልሲየም ሰልፌት፥ ማለት ከጀሶ የተሠራው ምትክ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ሟሙቶ ከራጁ ላይ ይጠፋል፤ ሥፍራው ጥቁር ሆኖ ከቀረ አጥንት አልሞላም ማለት ነው። ትራይካልሲየም ፎስፌት የሚባለው በመጀመሪያው ቀን ከአጥንቱ ይልቅ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በኋላ ግን በእርሱና በነባሩ አጥንት መካከል ያለው ወሰን እየደበዘዘ ቢሄድ መልካም ምልክት ነው። ሃይድሮክሲአፓታይት ደግሞ ለዓመታት ሳይለወጥ ነጭ ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ ይህን ነጭነት አይቶ «አጥንቱ ገጥሟል፥ እግርህን ርገጥበት» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም ሰውየውን ለሁለተኛ ስብራት ይዳርገዋል። ጥርጣሬ ሲኖር ሲቲ ስካን ሥፍራውን እየሸነሸነ ስለሚያሳይ ይበልጥ ያስተማምናል፤ ሆኖም ጨረሩም ዋጋውም ከራጅ የበዛ ስለሆነ ለሁሉ የሚታዘዝ አይደለም።

መቼም ራጅ ከአገራችን ታሪክ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው በኅዳር 1895 ሲሆን፥ በማግሥቱ ዓመት አልቫሮ የሚባል የጣሊያን ወታደራዊ ሐኪም ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የነበረውን ጥይት በኔፕልስ ፈልጎበታል። ራጅ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ዕቃው በበርበራ ወደብ ይግባ ወይም በአውሮፕላን፥ አስመጪው ስሙንና ዓይነቱን የሚገልጥ ተለጣፊ ወረቀት ከእያንዳንዱ ሣጥን ጋር እንዲያቀርብ፥ ሐኪም ቤቱም ያንኑ በሕመምተኛው ካርድ ላይ እንዲለጥፍ የጤና ሹማምንት ማስገደድ ይገባቸዋል። ከዚህም ሌላ በቀዶ ጥገናው ዕለት፥ ቀጥሎም በስድስት ሳምንት፥ በሦስት ወር፥ በስድስት ወርና በዓመቱ የሚነሡት ራጆች ዋጋ ከምትኩ ዋጋ ጋር አብሮ በቅድሚያ ይከፈል። ነጋዴው ዕቃዬ ተወደደ ብሎ ያጉረመርም ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ከአምስት ራጅ ይልቅ እንደሚወደድ ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

አስቸጋሪው ነገር ቀጠሮ ነው። ከሐውድ ግጦሽ የመጣ ከብት አርቢ ሕመሙ ሲቀልለት ወደ መንጋው ይመለሳል እንጂ ለሦስተኛው ወር ሥዕል ብሎ ሐርጌሳ አይገባም። ለእንዲህ ያለው ሰው የመጀመሪያው ራጅና የዕቃው ስም በእጁ ቢሰጠው፥ ጅግጅጋም ሆነ ቡርዓ በሚቀርበው ሥፍራ በዚያው አቅጣጫ ዳግመኛ ይነሣል፤ ሁለቱም ሥዕሎች ባንድነት ለቀደደው ሐኪም በስልክ ይላካሉ። አዲሱ ብቻውን ቢላክ ግን ሐኪሙ የሚያስተያየው ነገር አይኖረውም።