የታጠቅን ኮርቻ ማን ሠራው?

ዐፄ ቴዎድሮስን ያላነሳ ደራሲ፣ ያልገጠመላቸው ገጣሚ በአገራችን ቢፈለግ የሚገኘው ጥቂት ነው። ጀግናውን በፈረሱ ስም «አባ ታጠቅ» እያልን እንጠራዋለን። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ባልቻ «አባ ነፍሶ»፣ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ»… እንስሳው ሳይቀር በታሪካችን ውስጥ ስም አለው። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ጋፋት ላይ ካቀለጡት ሚስዮናውያን መካከል ዋልድማየርን በስሙ እናውቀዋለን፤ የውጭ ሰው ነውና ራሱ ጽፎልናል።

ለመሆኑ የታጠቅን ኮርቻ ማን ሠራው? ጠፍሩን ማን ጎነጎነው? ይህን የጠየቀ ልብ ወለድ አላነበብሁም፤ ያነበበ ካለ ይንገረኝና ደስ ይበለኝ።

ጥያቄው እንደ ቀልድ የሚታየው ሰው ካለ ኮርቻ እንዴት እንደሚሠራ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ጥቂት ልበል። ኮርቻ የሚጀምረው ከቆዳ አይደለም፤ ከእንጨት ነው። ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች በፈረሱ ጀርባ ግራና ቀኝ፣ ሥጋው ላይ እንዲያርፉ ሆነው ይጠረባሉ። መካከላቸው ክፍት ነው። አላዋቂ ዓይን ያንን ክፍተት ባዶ ቦታ አድርጎ ያየዋል፤ ሙያው ያለው ግን እዚያ ነው፤ የጋላቢው ክብደት የፈረሱን አከርካሪ እንዳይነካ የሚያደርገው እርሱ ነውና። ከፊትና ከኋላ ከፍ ያሉ እንጨቶች ሁለቱን ያያይዟቸዋል። ከዚያ በኋላ ርጥብ ጥሬ ቆዳ ይለበስበትና በጠፍር ይሰፋል። ቆዳው እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር እንጨቱን ያለ አንዳች ምስማር ጨምቆ ይይዘዋል። እርካቡን ያያችሁ እንደሆነ ደግሞ ጠባብነቱ ይገርማችኋል። አባቶች በባዶ እግር ሲጋልቡ የሚያስገቡት አውራ ጣታቸውን ብቻ ነበርና ለጫማ አልተሠራም።

ጠፍሩም የራሱ ጥበብ አለው። ቆዳው በክብ ይቆረጥና ቢላዋው ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሃል ይገባል፤ ከአንዲት ቁራጭ ያልተቀጠለ የብዙ ክንድ ጠፍር የሚወጣው እንዲህ ነው። እጅ ከተንቀጠቀጠ ጠፍሩ አንዱ ዘንድ ይሰፋል፣ አንዱ ዘንድ ይቀጥናል፤ የቀጠነበት ቦታ የሚበጠሰው ደግሞ ፈረሱ በሚሸመጥጥበት ቀን ነው። ከዚያ መጎንጎን ይመጣል፤ በአራት፣ ሲረቅም በስምንት። ጠፍሩ ርጥብ መሆን አለበት፣ ግን አይንጠባጠብ። አሳሳቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል መሆን አለበት። (የአማርኛችን ነገር! ይህን የመሰለ ትዕግሥት የሚጠይቅን ግሥ ወስደን ያዋልነው «ሴራ ጎነጎነ» ለማለት ነው። «ጠፍሮ ያዘው» የምንለውም ሰውን ስናስር ነው። ከባለሙያው ደጃፍ ቃሉን ሰርቀን ለክፉ ሥራ ማዋላችን ሳያንስ ባለቤቱን በሌላ ቃል እንሰድበዋለን።)

መጥፎ ኮርቻ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ገበያ መውጣት ይበቃል። «ገጣባ» የሚል ቃል በቋንቋችን የኖረው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም። ጀርባው ቆስሎ ዝንብ የወረረው አጋሰስ ሁሉ በጀርባው ላይ የአንድ አላዋቂ ሠሪን ፊርማ ይዞ ይዞራል።

እኔ በትርፍ ጊዜዬ ጠፍር እጎነጉናለሁ። ኑሮዬ ከዚህ አይደለም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ዘንድ እየሄድሁ ነው የተማርሁት። ስማቸውን አልጠራም፤ ያልጠራሁትም ጠፍቶኝ ሳይሆን እርሳቸው ስላልፈቀዱ ነው። ያልፈቀዱበትን ምክንያት ደግሞ አንባቢ ከዚህ በታች ይረዳዋል። የጎነጎንሁትን የቁልፍ መያዣና የወገብ ቀበቶ ያዩ ወዳጆቼ «አርቲስት ነህ!» ይሉኛል። እነዚሁ ወዳጆቼ፣ ያው ጠፍር፣ በዚያው ወስፌ፣ ከእኔ እጅ አሥር ጊዜ በተሻለ እጅ ተሠርቶ ከሽማግሌው ሲወጣ ሠሪውን የሚጠሩት «ፋቂ» ብለው ነው። ለእኔ መዝናኛ ስለሆነ ጥበብ ሆነ፤ ለእርሳቸው እንጀራ ስለሆነ ነውር ሆነ። ይህን ሚዛን ያመጣብን ማነው?

ልጆቻቸው ሙያውን አልወረሱም። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት «የፋቂ ልጅ» ተብለው ያደጉ ልጆች ወስፌ እንዲያነሱ መጠበቅ ግፍ ነው። ዛሬ አንዱ ሹፌር፣ አንዷ ዓረብ አገር ናት።

አሁን አሁን ለእሳቸው የሚመጣው ትእዛዝ ከባለ ፈረስ ይልቅ ከባህል ምግብ ቤቶች ሆኗል። ባለፈው ዓመት አንድ ባለ ምግብ ቤት መጥቶ ስድስት ኮርቻ አዘዘ። ሽማግሌው የፈረሱን ቁመናና የጀርባውን ስፋት ሲጠይቁት ሳቀባቸው፤ «አባባ፣ ለግድግዳ እኮ ነው፤ ውስጡ እንደ ምንም ይሁን፣ ላዩ ያብረቅርቅ» አላቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ስድስቱን ሲሠሩም ስድስቱንም ለፈረስ በሚሆን ልክ ሠሯቸው፤ ክፍተቱን አልደፈኑም። ዋጋው ያው የግድግዳ ዋጋ ነው። ዛሬ ከኮርቻው ሥር ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ ስለ አባቶቹ ፈረሰኝነት የሚፎክር ሁሉ ከጭንቅላቱ በላይ ምን እንደተሰቀለ አያውቅም።

የሥነ ጽሑፉ ሰፈር ከዚህ ይሻላል ብዬ ነበር? አላልሁም፤ ነገሩን ካስተዋልሁ ቆይቻለሁ። በአንድ የግጥም ምሽት መድረኩ ላይ በገና ሲደረደር ታዳሚው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የበገናው አውታር የበግ አንጀት ነው፤ የድምፅ ሳጥኑ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ ያንን አንጀት የሚያላውስ ንዝረት የሚሰጡት እንዚራ የሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ናቸው። ቆዳው ሲናገር ዓይናችንን እንጨፍናለን። ቆዳውን ያለፋው ሰው ሲመጣ ደግሞ አፍንጫችንን እንይዛለን።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን የብራናው ነገር ነው። መጽሐፍ እንወዳለን አይደል? በአድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፈ መሆኑ ሲነገር ሁላችን ደረታችንን ነፋን። የተጻፈው በፍየል ቆዳ ላይ ነው። ቆዳውን የነከረ፣ የወጠረ፣ ጠጉሩንና ስቡን የፋቀ ሰው ነበረ። ከዚያም በኋላ ዘመን የተነሡት ደጓሾች የእንጨቱን ገበታ በቀይ ቆዳ እየለበጡ በጋለ ብረት ሐረግና መስቀል አተሙበት፤ መጽሐፉ እንዲንጠለጠልበትም የቆዳ ማኅደር ሰፉለት። (ቢሮ ገብተን «ማኅደሬ ጠፋብኝ» ስንል የምናነሳው የእነርሱን ዕቃ ስም ነው።) በሐረርም የቁርኣን ጠራዦች የራሳቸውን የቆዳ ጥበብ አሳድገዋል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ብራና የፋቀ ባለ ሙያ ነው፣ ቆዳ የፋቀ ግን «ፋቂ» ነው። ፍየሉ አንድ፣ ቢላዋው አንድ፣ ግሡም አንድ። ልዩነቱ ቀለም ስለፈሰሰበት ብቻ ነውን?

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሳደበውን ገሥጸዋል፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ አገሩን ባዶ ልታስቀሩት ነው ብለው፣ ከእንግዲህ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል አሉ። ጸሐፊ ወዳጆቼ ይህን ልብ ይበሉ፤ ያን ጊዜ የሚጽፍ ሰው ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ ስድብ ውስጥ ነበረ። ጸሐፊው ከስድቡ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋው።

«ያ የድሮ ነው፣ አሁን ቀርቷል» የሚሉኝ አሉ። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት አዘጋጅተውት በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩ ቆዳ ፋቂዎች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ከጋብቻና ከማዕድ እንዴት እንደሚገለሉ በየማኅበረሰቡ እየለየ አሳይቷል። ቀርቷል የሚል ሰው ልጁን ለፋቂ ልጅ ይዳርና ያሳየኝ።

ሌላው የሚነሳው መልስ «ፋብሪካው ይበቃናል» የሚል ነው። በ2000 ዓ.ም. መንግሥት በጥሬና በከፊል ባለቀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ቀረጥ ሲጥል ዓላማው ቆዳው እዚሁ ተሠርቶ እንዲወጣ ነበር። አሳቡን አልነቅፍም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ የስብሰባ ወሬ ውስጥ «እሴት መጨመር» ሲባል የሚታሰበው ማሽን ነው። በእምቧይ ፍሬ ቆዳ ማልፋትን የሚያውቅ፣ በሁለት ጣቱ ብቻ ቆዳው ከየትኛው የእንስሳው ጎን እንደመጣ የሚለይ ሰው ዘመኑን ሁሉ እሴት ሲጨምር እንደኖረ ያሰበ የለም። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ የተነሡት ወጣት የቦርሳና የጫማ ሠሪዎች ግሩም ሥራ ይሠራሉ፤ እሰየው። የሚያስከፋኝ በማስታወቂያቸው የነዳፊው ስም ሲጻፍ የሰፊው ስም መቅረቱ ነው።

ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። ከባድ ነገር አልጠይቅም። ሙዚየሞቻችን ከኮርቻው ሥር «የእገሌ ኮርቻ» ብለው የጋላቢውን ስም ይጽፋሉ፤ የሠሪው ስም የሚታወቅ ከሆነ እርሱም ይጻፍ፣ ካልታወቀም «ሠሪው ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍ፤ ጎደሎው ይታይ። የግድግዳ ኮርቻ የሚያዝ ባለ ምግብ ቤት የፈረስ ኮርቻ ዋጋ ይክፈል፤ የሚያገኘው የፈረስ ኮርቻ ነውና። ልብ ወለድ የምትጽፉም ጀግናችሁን ፈረስ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ፈረሱን የጫነበትን ዕቃ ከየት እንዳመጣው አንድ ገጽ ስጡት።

ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የዓድዋን ፈረሶች እያሰበ ይወጣል። በሺህ የሚቆጠር ኮርቻ በአንድ ሜዳ የሚታይበት ቀን ነው፤ ግላሱ፣ መጣብሩ፣ የተጎነጎነው ልጓም ሁሉ በዚያ አለ። በመጪው ዓመት ሽማግሌውን ይዤ ለመሄድ አስቤያለሁ። እርሳቸው እሺ ብለዋል፤ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈረሰኞቹ ከወረዱ በኋላ ኮርቻዎቹን ገልብጠው ውስጣቸውን ለማየት የሚፈቀድላቸው እንደሆነ።