«እባክዎ፣ እንዳይነግሯቸው»

የካንሰር ምርመራ ውጤት ሲመጣ ልጆች ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ቀድመው ይይዙታል። «እባክዎ ዶክተር፣ ለአባታችን እንዳይነግሯቸው፤ ይደነግጣሉ።» ክፋት የለበትም፤ ፍቅር ነው። ግን አባትየው ብዙ ጊዜ ጠርጥረዋል። እሳቸውም ልጆቹን ላለማስጨነቅ ዝም ይላሉ፤ ሁሉም ለየብቻው ያለቅሳል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ የቺካጎ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶው ለታማሚው አለመንገርን መርጠው ነበር። በ1979 በወጣ ተመሳሳይ ጥናት ግን 97 በመቶው እንነግራለን አሉ። በመካከሉ፣ በ1977፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጂሚ ሆላንድ ኒውዮርክ በሚገኘው የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የታማሚዎችን አእምሮ የሚመለከት ክፍል አቋቁመዋል።

የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ የሚያነሳው ከመንገር በኋላ ያለውን ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም፦ የካንሰር መድኃኒቱ ኬሞም ያመጣቸዋል፣ ድብርትም። ስለዚህ ሁሉም በመድኃኒቱ ይሳበባል፤ ድብርቱ ሳይታከም ይቀራል። ከገጠር መጥቶ፣ በሬ ሸጦ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ክፍል ተከራይቶ ተራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ «ቤተሰቤን አደኸየሁ» የሚለው ሐሳብ ሊብስበት ይችላል። ይህን የሚጠይቀው የለም፤ መጠየቅ ግን ማሽን አይፈልግም።

ለአስታማሚዎችም ዓምድ ከፍተናል። ስለ ጸበልና ኬሞ የተጻፈውን ግን አስቀድማችሁ እንድታነቡት እመክራለሁ፤ ዝግጅት ክፍሉን ከሁሉ ያከራከረው እሱ ነው።